ሳይቶሜጋሎቫይረስና የአንጎል ካንሰር፦ ከሃያ ዓመት በላይ ያልተቋጨ ክርክር

በ2002 ዶክተር ቻርልስ ኮብስ የተባሉ አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከሕመምተኞች ጭንቅላት በቀዶ ሕክምና የወጡ 27 ዕጢዎችን መርምረው፣ በ27ቱም ውስጥ ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚባለውን ቫይረስ ምልክት አገኘን አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሕክምና ጥናት ውስጥ አንድም ሳይቀር ሁሉም ናሙና ተመሳሳይ ውጤት መስጠቱ ብርቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ወይ ትልቅ ግኝት ተገኝቷል፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት ተሠርቷል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የአንጎል ካንሰር ሐኪሞች ዛሬም አልተስማሙም።

ክርክሩ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሕመምተኞች ዘንድ የደረሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ክርክሩ በዋናነት የሚያጠነጥንበት ግሊዮብላስቶማ አዋቂዎችን ከሚይዙት፣ ከአንጎሉ ከራሱ ከሚነሡት ካንሰሮች ሁሉ እጅግ አስከፊው ነው። ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲን በ2009 የገደለው የዚሁ ዓይነት ጨካኝ የአንጎል ዕጢ ነበር፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልጅ ቦ ባይደን በ2015፣ ሴናተር ጆን ማኬይን በ2018 የሞቱት በግሊዮብላስቶማ ነው። ገንዘብም ምርጥ ሐኪምም ያልጎደላቸው ሰዎች ነበሩ። የዛሬው መደበኛ ሕክምና የተመሠረተበት የ2005ቱ ጥናት 573 ሕመምተኞችን አሳትፎ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሚሰጠው ጨረር ላይ ቴሞዞሎማይድ የተባለውን መድኃኒት ሲጨምር፣ ግማሾቹ ሕመምተኞች ቢያንስ የሚኖሩት ጊዜ ከ12.1 ወር ወደ 14.6 ወር ከፍ አለ። ሁለት ወር ተኩል ማለት ነው። ያ በመስኩ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ድል ተብሎ ተቆጥሯል። እንዲህ ባለ በሽታ ላይ «ቫይረስ ይዞት ይሆናል፤ ለቫይረሱ ደግሞ መድኃኒት አለው» የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ቤተሰብ ሁሉን ትቶ ወደዚያ ቢሮጥ አይፈረድበትም።

ቫይረሱ ራሱ እንግዳ አይደለም። ከንፈር ላይ ቁስል ሲወጣ ምች መታኝ የምንልበት፣ ልጆችን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣባቸው ጉድፍ፣ በስተርጅና ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ብለን የምንጠራው የሚያቃጥል ሽፍታ፣ ሁሉም ከአንድ የቫይረስ ቤተሰብ ናቸው፤ ሐኪሞች ሄርፐስ ይሉታል። ሳይቶሜጋሎቫይረስም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የቤተሰቡ ጠባይ አንዴ ከገባ አለመውጣቱ ነው። ሰውየው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ተደብቆ ይቀመጣል፤ የበሽታ መከላከል አቅሙ ሲወድቅ ይነሣል። አብዛኛው ሰው መያዙን እንኳ ሳያውቅ ይኖራል። በሽታው ከባድ የሚሆነው ኩላሊት ወይም ሌላ አካል በተተከለላቸው፣ ኤችአይቪ በጎዳቸውና በማሕፀን ሳሉ በተያዙ ሕፃናት ላይ ነው። ከዘር ካልመጣው የሕፃናት የመስማት ችግር ምክንያቶች ቀዳሚው ይኸው ቫይረስ ነው። እንግዲህ በማደግ ላይ ያለን አንጎል እንደሚጎዳ ጥርጥር የለውም፤ ጥያቄው የአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ ካንሰር መፍጠር ወይም ማባባስ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ከኮብስ ጥናት በኋላ የተከተለው ነገር ለአንባቢ ግራ ያጋባል። አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ደግመው ሞክረው ምንም አላገኙም። ሌሎች ደግሞ፣ ከነዚህም አንዱ በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ በ2008 ከአሥር ዕጢዎች በዘጠኙ ቫይረሱን እንዳዩ ጻፉ። በ2012 የመስኩ ሰዎች ተሰብስበው ባወጡት የጋራ መግለጫ የቫይረሱ ዘረ-መልና ፕሮቲን በአብዛኞቹ ዕጢዎች ውስጥ እንዳለ በቂ ማስረጃ አለ አሉ። በቀጣዩ ዓመት ግን፣ የብዙ ሺህ ካንሰሮችን ዘረ-መል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበበው ግዙፍ የአሜሪካ የመረጃ ክምችት ሲፈተሽ፣ በግሊዮብላስቶማ ውስጥ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ሊገኝ አልቻለም። በዚያው ፍተሻ፣ በዚያው ዘዴ፣ በማሕፀን በር ካንሰር ውስጥ ያለው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በጉበት ካንሰር ውስጥ ያለው ሄፓታይተስ ቢ በግልጽ ወጥተዋል። መሣሪያው ዕውር አልነበረም ማለት ነው።

ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ የሚመስል ማብራሪያ አለ። ኮብስና ተከታዮቻቸው የተጠቀሙት የፕሮቲን ማቅለሚያ ዘዴ እጅግ ስስ በመሆኑ ቫይረሱ ጥቂትም ቢሆን ያያል፤ ዘረ-መል ንባቡ ግን መጠነኛ ክምችት ይፈልጋል። ይህ አሳማኝ ነው፤ ግን ለሁለቱም ወገን የሚሠራ ማብራሪያ ነው። እጅግ ስስ የሆነ መሣሪያ የሌለውንም ያሳያል። በዚህ ላይ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ለላቦራቶሪ የተለየ ፈተና ነው። ከቫይረሱ ዘረ-መል የተቆረጠ አንድ ቁራጭ በዓለም ዙሪያ ባሉ የሥነ ሕይወት ላቦራቶሪዎች ዘረ-መልን ለማብራት እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያገለግላል። በየማቀዝቀዣው፣ በየመሥሪያ ጠረጴዛው አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ጠብታ ወደ ናሙናው ከገባ ቫይረሱ በሕመምተኛው አንጎል ውስጥ የተገኘ ይመስላል።

ይህ የብክለት ሥጋት ባዶ አይደለም፤ ታሪኩም ከአንጎል ካንሰር ጋር የተሳሰረ ነው። ከ1955 እስከ 1963 በአሜሪካ ይሰጥ የነበረው የፖሊዮ ክትባት የሚመረተው በዝንጀሮ ኩላሊት ሕዋስ ላይ ነበር። የክትባት ሊቅ የነበሩት ሞሪስ ሂለማን ከቤን ስዊት ጋር በ1960 በዚያ ሕዋስ ውስጥ እስከዚያ የማይታወቅ የዝንጀሮ ቫይረስ አገኙ፤ ኤስቪ-40 ተባለ። ቀደም ብሎም በርኒስ ኤዲ የተባሉ የመንግሥት ተመራማሪ ከዝንጀሮ ኩላሊት የተዘጋጀ ፈሳሽ በሃምስተሮች ላይ ዕጢ እንደሚያመጣ አይተው ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር። ሰሚ ለማግኘት ጊዜ ወሰደባቸው። በዚያ ዘመን ክትባቱን ከወሰዱት ወደ 98 ሚሊዮን አሜሪካውያን መካከል ከ10 እስከ 30 ሚሊዮኑ ቫይረሱ ለነበረበት ክትባት ተጋልጠው ሊሆን እንደሚችል ተገመተ። በ1990ዎቹ ደግሞ አዲሱ የዘረ-መል ማባዣ ዘዴ በሕፃናት የአንጎል ዕጢዎች ውስጥ ኤስቪ-40ን አሳየ ተባለ። ነገሩ ያስፈራ ነበር። ነገር ግን ክትባቱን የወሰዱትን ትውልዶች ለአሥርታት የተከታተሉ ጥናቶች የካንሰር ጭማሪ አላገኙም፤ ኤስቪ-40 ተገኘባቸው ከተባሉት ዕጢዎች በተወሰኑት፣ በተለይ በሳንባ ሽፋን ካንሰር ምርመራዎች፣ የተገኘው ቫይረስ ከላቦራቶሪ ዕቃ የመጣ እንደነበር ታወቀ። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2002 የማስረጃው ሚዛን አዎም አይደለምም ለማለት አይበቃም ሲል ደመደመ፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በኋላ ቫይረሱን ለመመደብ ማስረጃ ከሌላቸው ነገሮች ተርታ አኖረው። ይህን ታሪክ በዝርዝር ያነሣሁት የክትባት ወሬ በእኛም ዘንድ ስለሚናፈስ ነው። የዛሬው የፖሊዮ ክትባት ኤስቪ-40 የለበትም፤ ልጅን ከማስከተብ ለመቆጠብ ይህ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ቫይረስና የአንጎል ካንሰር በእውነት ሲገናኙ ምን ይመስላሉ? መልሱን ኤችአይቪ አሳይቶናል። የበሽታ መከላከል አቅማቸው እስከ መጨረሻው የወረደ የኤድስ ሕመምተኞች በአንጎላቸው ውስጥ የሊምፎማ ካንሰር ይይዛቸው ነበር፤ በዚያ ዕጢ ውስጥ ደግሞ የሄርፐስ ቤተሰብ ሌላው አባል ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ሳይታጣ ይገኛል። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ቫይረሱ በራሳቸው በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ አለ፤ በስስ ማቅለሚያም በዘረ-መል ንባብም በጀርባ ፈሳሽ ምርመራም ይታያል። ከ1996 ወዲህ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቶች ጥምረት የሰዎችን መከላከያ ሲመልስ በሽታው እጅግ ቀነሰ። የእኛ ሐኪሞች ችግሩን ያውቁታል፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው አንጎል ምስል ላይ ቀለበት መሳይ ቁስል ሲታይ ቶክሶፕላዝማ ነው ወይስ ሊምፎማ የሚለውን ለመለየት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ለቶክሶፕላዝማው መድኃኒት ሰጥተው ሁለት ሳምንት ያህል ለውጡን ይከታተላሉ።

ሳይቶሜጋሎቫይረስን ከዚህ ጎን ስናቆመው የማስረጃው ልል መሆን ይታያል። ኤድስ በከፋበት ዘመን ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሕመምተኞችን ዓይን ሲያሳውር፣ አንጀትና ሳንባ ሲያጠቃ ኖሯል። ቫይረሱ ግሊዮብላስቶማን የሚያስነሣ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ቫይረስ በደማቸው የተንሠራፋባቸው ሰዎች በግሊዮብላስቶማ በብዛት በተያዙ ነበር። እንደ ሊምፎማው ግን አልሆነም። ቀላሉ ትርጉም ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው የሚለው ነው። ግሊዮብላስቶማ ራሱ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ለእብጠቱ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ይጨምርበታል፤ ቴሞዞሎማይድም እንዲሁ። ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚደበቀው በአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ እነዚህ ሕዋሳት ዕጢ ወዳለበት ይጎርፋሉ። ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ሟቹን ገደለ አይባልም።

ይህ ማለት ግን ቫይረሱ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማት ይከብደኛል። ሳይቶሜጋሎቫይረስ የተሸከማቸው አይጦች የአንጎል ዕጢ ሲዘራባቸው ዕጢው ፈጥኖ ያድጋል፤ በ2019 የታተመ የቦስተን ተመራማሪዎች ሥራ ቫይረሱ ዕጢውን የሚመግቡ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ እንደሚረዳ አሳይቷል። ቫይረሱ ካንሰርን ሳይፈጥር ያባብሳል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው። ከአይጥ ወደ ሰው ለማሻገር ግን የሚያስፈልገው ሌላ ማቅለሚያ አይደለም፤ ቫይረሱን ማፈን የሕመምተኛውን ዕድሜ ይለውጥ እንደሆነ በሰው ላይ መፈተን ነው።

ይህን የሞከሩት በስቶክሆልም የካሮሊንስካ ተቋም ያሉት ሴሲሊያ ሶደርበርግ-ናውክለር ናቸው። በዕጣ የተከፋፈሉ 42 ሕመምተኞች፣ ግማሽ ያህሉ ቫልጋንሲክሎቪር የተባለውን የሳይቶሜጋሎቫይረስ መድኃኒት፣ ሌሎቹ ማስመሰያ ኪኒን ለስድስት ወር ወሰዱ። በ2013 የወጣው ውጤት ዋናውን ጥያቄ አልመለሰም፤ የዕጢው መጠን በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። በዚያው ዓመት መስከረም ግን ተመራማሪዋ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባወጡት ደብዳቤ መድኃኒቱን ከወሰዱ 50 ሕመምተኞች መካከል 62 በመቶው ሁለት ዓመት ቆይተዋል፣ ካልወሰዱት ተመሳሳዮች ግን 18 በመቶው ብቻ አሉ። ከስድስት ወሩ በኋላም ያለማቋረጥ ከወሰዱት 25ቱ ደግሞ 90 በመቶው በሕይወት ነበሩ። በዚህ በሽታ ዘጠና በመቶ የሚባል ቁጥር ተሰምቶ አያውቅም። ዜናው በዓለም ተሠራጨ፤ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ለማግኘት ሐኪሞቻቸውን መለመን ጀመሩ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚታለልበት ቦታ ይህ ነውና። አንድ ሰው መድኃኒቱን ከስድስት ወር በላይ ያለማቋረጥ ወሰደ ለመባል በመጀመሪያ ስድስት ወር መኖር አለበት። ዕጢው ፈጥኖ የጣላቸው ሕመምተኞች ከዚያ ዝርዝር ገና ከመነሻው ወጥተዋል። የቀሩት ሲቆጠሩ፣ መድኃኒቱ አደረገላቸውም አላደረገላቸውም፣ ረዥም ዕድሜ ያላቸው ይሆናሉ። ስታቲስቲክስ አዋቂዎች ይህን ስሕተት ለይተው ያውቁታል፤ ደብዳቤው እንደወጣም በጽሑፍ ተቃወሙት። በ2020 ቡድኑ 102 የታከሙ ሕመምተኞችን ከ231 ካልታከሙ ጋር አነጻጽሮ፣ የግማሾቹ ዕድሜ 24.1 ወርና 13.3 ወር እንደሆነ ገለጸ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን አሁንም ሕመምተኞቹ በዕጣ የተለዩ አልነበሩም። ለመድኃኒት የሚመረጡት ብዙውን ጊዜ ብርቱዎቹ፣ ሌላ ሀገር ድረስ ሄደው የሚሟገቱት፣ ቤተሰብ የሚደግፋቸው ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። መድኃኒቱ ቢጠቅም እንኳ ቫይረሱ ጥፋተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ሲዶፎቪር የተባለው ሌላ የሳይቶሜጋሎቫይረስ መድኃኒት በላቦራቶሪ ውስጥ ቫይረሱ የሌለባቸውንም የግሊዮብላስቶማ ሕዋሳት እንደሚገድል በ2013 ታይቷል፤ የሕዋሱን ዘረ-መል በቀጥታ ስለሚጎዳ። ካሮሊንስካ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ 220 ሕመምተኞችን በዕጣ ከፍሎ ቫልጋንሲክሎቪርን ከማስመሰያ ኪኒን ጋር የሚያወዳድር አዲስ ሙከራ ጀመረ። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ ከ2013ቱ ደብዳቤ በፊት መጀመር ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ተስፋው ከማስረጃው ቀድሞ ሲወጣ ሕመምተኞች ማስመሰያ ሊደርሳቸው ወደሚችል ሙከራ ለመግባት ያመነታሉ፤ ማስረጃውም በዚያው ልክ ይዘገያል።

አሁን ወደ እኛ የሚመለከተው ነጥብ። ሳይቶሜጋሎቫይረስ በዓለም ላይ እኩል አልተሠራጨም። በአሜሪካ ከ6 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች በደማቸው ውስጥ የቫይረሱ ምልክት የተገኘው በግማሽ ያህሉ ነው። በአፍሪካ ግን፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ሰው በልጅነቱ ይያዛል፤ አዋቂው አብዛኛው ተሸካሚ ነው። ግሊዮብላስቶማ በተቃራኒው ነው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው ሦስት ያህሉን የሚይዝ ሲሆን፣ ነጮችን ከጥቁሮች ሁለት እጥፍ ያህል ያጠቃል፤ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ከነጮቹ ይልቅ ቫይረሱን በብዛት ተሸክመዋል። ሁለቱም በአንድ ሀገር ውስጥ የሚኖሩ ስለሆነ የሐኪም እጥረት ብቻ ልዩነቱን አያብራራውም። ቫይረሱ ዋና ምክንያት ቢሆን ካርታው የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት።

ከዚህ ተነሥቶ ቫይረሱ ነጻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ወሳኙ መያዙ ሳይሆን የተያዙበት ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ሕፃንን ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም፤ ወጣትን ሲይዝ ግን አልጋ ላይ ሊያውለው ይችላል። ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ የሚያመጣውን ቫይረስ በተመለከተም ነገሩ አስገራሚ ነው፤ በ2016 የታተመ፣ ከአምስት ሀገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ጉድፍ ያለፈባቸው ሰዎች ግሊዮማ (ግሊዮብላስቶማ የሚመደብበት የአንጎል ዕጢ ወገን) የሚይዛቸው 21 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አለርጂ ያላቸው ሰዎችም ለዚህ ካንሰር ያነሰ ዕድል እንዳላቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። የሰውነት መከላከያ በልጅነት የሠለጠነበት መንገድ ኋላ አንጎልን ይጠብቅ ይሆን? ከቫይረሱ መኖር አለመኖር ይልቅ ይህ ጥያቄ ለኔ የበለጠ ተስፋ አለው።

ጥያቄውን ለመመለስ ኢትዮጵያ ጥሩ ቦታ በሆነች ነበር፤ ማን በምን እንደታመመ ብንቆጥር። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2011 ነው፤ ከከተማዋ ውጭ ያለውን አብዛኛውን ሕዝብ አያካትትም። ኤምአርአይ ሳይነሣ፣ ናሙና ሳይወሰድ፣ በራስ ምታትና በሚጥል በሽታ ስም የሚቀበር ስንት እንዳለ መገመት ከባድ አይደለም። እንዲህ እያለ «ግሊዮብላስቶማ በእኛ ዘንድ ትንሽ ነው» ማለት ስሕተት ይሆናል። በእስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤላውያን ግን የተለየ ዕድል ይሰጣሉ። ሀገሪቱ ከ1960 ጀምሮ ብሔራዊ የካንሰር መዝገብ አላት፤ ከ160 ሺህ በላይ የሆነው ማኅበረሰብ ደግሞ በኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ የተያዘ ወላጅና እዚያ የተወለደ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር አለው። በሽታው ብርቅ ስለሆነና ማኅበረሰቡም ወጣት ስለሆነ በዓመት የሚገኙት ሕመምተኞች በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ፤ ስለዚህ መልሱ አሥርት ዓመታትን ይጠይቃል። ቢሆንም ዛሬ ካልተጀመረ ያኔም አይኖርም።

ቫይረስን ከአንጎል ካንሰር ጋር በወዳጅነት የሚያገናኘው ሌላ ሥራ መኖሩንም ላንሣ። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የፖሊዮ ቫይረስን አለማምደው፣ የጉንፋን ቫይረስ ቁራጭ ቀላቅለው በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ጨምረውታል፤ በ2018 ባወጡት ውጤት ከ61 ሕመምተኞች 21 በመቶው ሦስት ዓመት ቆይተዋል፤ በቀድሞ ዘመን ተመሳሳይ ሕመምተኞች ላይ የነበረው 4 በመቶ ነበር። ጃፓን በ2021 ከሄርፐስ ቫይረስ የተሠራ መድኃኒት በቅድመ ሁኔታ ፈቅዳለች። እነዚህም ውጤቶች የተነጻጸሩት ከቀድሞ መዛግብት ጋር ነው፤ ስለዚህ ስለ ቫልጋንሲክሎቪር የተባለው ጥንቃቄ እዚህም ይሠራል።

በሕመምተኛ ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ያድርግ የሚለውን ማለፍ አልችልም። ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ ቫልጋንሲክሎቪር ልልክ ብሎ ቢጠይቅ፣ መድኃኒቱ ውድ መሆኑን ብቻ ሳይሆን የአጥንት መቅኔን እንደሚያዳክም፣ ቴሞዞሎማይድም ያንኑ እንደሚያደርግ፣ ሁለቱ ሲደራረቡ የደም ሕዋሳት ቁጥር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ እንደሚችል ይወቅ። ሐኪሙ ሳያውቅ የሚጀመር ነገር አይደለም። ቫይረስ ነው መባሉም የታመመውን ሰው ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም፤ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ከአብዛኞቻችን ጋር ከልጅነት ጀምሮ አለ፣ ካንሰሩ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

የምርምሩ መንገድ ደግሞ ውድ አይደለም። ለሁሉም ላቦራቶሪዎች ከአንድ ዕጢ የተቆረጠ ናሙና ይላክ፤ መርማሪዎቹ የቱ የካንሰር፣ የቱ የጤነኛ እንደሆነ አይነገራቸው፤ በስስ ማቅለሚያውም በዘረ-መል ንባቡም ይመርመር፤ ባዶ ናሙናም ተደባልቆ ይላክ። ከእነዚያ ናሙናዎች መካከል ቫይረሱን አብዛኛው ሰው ከተሸከመበት ሀገር የመጡ፣ በጥቁር አንበሳና በሌሎች ሆስፒታሎቻችን የፓቶሎጂ ክፍሎች በሰም ተነክረው የተቀመጡ የአንጎል ዕጢዎች ቢኖሩበት፣ ክርክሩ እስከ ዛሬ ያላገኘውን ንጽጽር ያገኛል።